ዳሽቦርድ ላይ የምትበራው የበረዶ ምልክት፦ የሚወራውና እውነታው

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ካለን ሐበሾች የብዙዎቻችን እንጀራ መሪ ላይ ነው። ታክሲ፣ ኡበር፣ ዴሊቨሪ፣ የሌሊት ፈረቃ። ብርዱ ሲገባ ቡና ላይ ስለ መንገድ የሚወራው ብዙ ነው። ግማሹ ግን ልክ አይደለም። እኔም በዚሁ ወሬ ተማምኜ አንድ ሌሊት ለጥቂት ተርፌያለሁ።

«ምልክቷ ከበራች መኪናው ተበላሽቷል»

አልተበላሸም። ኮከብ የምትመስለው ምልክት ዲንግ ብላ የምትበራው የውጭው አየር ወደ 37 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ ነው፤ በሴንቲግሬድ 3 ገደማ። አንዳንድ መኪና ላይ 39 ሲደርስም ትበራለች። ለዚህ ብላችሁ መካኒክ ጋ አትሂዱ።

«ውሃ የሚረጋው 32 ላይ ነው፤ 37 ገና ነው»

እኔን ጉድ ልትሠራኝ የነበረችው ይህቺ ናት። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ኤርፖርት ሰው ለማንሳት እየሄድኩ ነበር። ዳሽቦርዱ 36 ይላል፣ ምልክቷ በርታለች፣ መንገዱ ግን ደረቅ ነው። ድልድዩ ላይ ስወጣ የጎማው ድምፅ ድንገት ጭጭ አለ። መሪው እጄ ላይ ቀለለኝ። መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። እንደ ዕድል ሆኖ ፍሬን አልነካሁም። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። ድልድዩ ሲያልቅ ጎማው አስፋልቱን ያዘ። እጄ ግን ኤርፖርት እስክደርስ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ያለው ከፊት ፓራውልቱ ጀርባ ወይም ስፖኪዮው ሥር ነው። የሚለካው አየሩን ነው። አስፋልቱን አያውቀውም። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት መንገዱ ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ ደመና በሌለበት የኅዳር ሌሊት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል። ድልድይ ደግሞ ብርዱ ከላይም ከታችም ይመታዋል፣ ከሥሩ የሚያሞቀው መሬት የለም። «ድልድይ ከመንገዱ ቀድሞ ይረጋል» የሚል ምልክት እዚህ አገር በየሃይዌዩ የተተከለው ለዚህ ነው።

ሴንሰሩ በተቃራኒውም ያታልላል። ትራፊክ ውስጥ ስትቆሙ የሞተሩ ሙቀት ሴንሰሩ ጋ ይደርስና ቁጥሩ ከፍ ይላል። ምልክቷ ጠፋች ማለት መንገዱ ሞቀ ማለት አይደለም።

«በረዶ ካልወረደ ምን ችግር አለ?»

በረዶ ስንል ቶሎ ትዝ የሚለን ቆርቆሮውን የሚያንኳኳው፣ ከሰማይ የሚወርደው ነው። ብላክ አይስ ግን አይወርድም። ቀን የቀለጠው ውሃ ማታ እዚያው ይረጋል። ስስ ስለሆነ የአስፋልቱን ጥቁረት ያሳያል፤ እርጥብ መንገድ ነው የሚመስለው። መለያው አንድ ነገር አለ። መንገዱ እርጥብ መስሎ ከፊታችሁ ያለው መኪና ጎማ ውሃ ካልረጨ፣ እርጥበት ሳይሆን በረዶ ሊሆን ይችላል።

ቢወርድም ብዛቱ አይደለም ዋናው። ጥር 2016 እ.ኤ.አ. ዲሲ ላይ የወረደው ስኖው አንድ ኢንች ገደማ ብቻ ነበር። ጨው ያልተረጨበት መንገድ ግን ከተማውን በሙሉ አቆመው። የፕሬዚዳንት ኦባማ አጀብ እንኳን ከአንድሩስ የአየር ኃይል ጣቢያ ዋይት ሀውስ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል።

«ብርዱ በባሰ ቁጥር ያንሸራትታል»

በጣም የሚያንሸራትተው 32 አካባቢ ያለው በረዶ ነው፤ ላዩ ላይ ስስ ውሃ አለው። በጣም የቀዘቀዘ በረዶ እንዲያውም ትንሽ ይይዛል። በሌላ በኩል ከ15 ፋራናይት በታች ተራው የመንገድ ጨው ጉልበቱ ይደክማል። ስለዚህ «ጨው ረጭተዋል» ብላችሁ አትዝናኑ።

«የኔ ፎር ዊል ነው»

ለመነሳት ይረዳል። ለማቆም አይረዳም። የሚያቆማችሁ ጎማው ነው።

«ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ ማድረግ ነው»

አገር ቤት በድሮ መኪና መንዳት የተማርን ሰዎች ይሄን ይዘን መጥተናል። ለዚያ መኪና ልክ ነበር። ኤቢኤስ (ስትረግጡ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን) ያለው መኪና ግን ያዝ ለቀቁን ራሱ ይሠራዋል። ድንገት ማቆም ካለባችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡ፣ አትልቀቁ። ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ይንዘረዘራል፤ እባካችሁ አትደንግጡ፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ከኋላው የተጠማዘዘ መስመር ያለው የመኪና ምስልም ብልጭ ድርግም ካለ ያው ነው፣ ጎማው ሲንሸራተት መኪናው እያገዛችሁ ነው። ሳይጠፋ በርቶ ከቀረ ግን ወይ ተዘግቷል ወይ ብልሽት አለ።

«የጎማ መብራት በራ፤ ተበስቷል»

ብዙ ጊዜ ብርዱ ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ፋራናይት ሲቀንስ ጎማው 1 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ያህል ይጎድላል። ጠዋት መኪናው ሳይነዳ ለኩትና፣ የሾፌሩ በር ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ ሙሉት። ከሞላችሁት በኋላ በማግስቱ ያው አንዱ ጎማ ብቻ ደግሞ ከጎደለ፣ ያኔ ጎሚስታ ጋ ውሰዱት።