ተልባና የሽንት ማቃጠል፦ ከባሕር ዳር ጓዳ
ባሕር ዳር ውስጥ ሽንት ሲያቃጥል ብዙ ሰው «ኩላሊቴን ነው» ወይም «ሙቀት ነው» ይላል። መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ ከጓዳ ይወጣል፤ ተልባ። ማታ አንድ እፍኝ ተለቅሞ ይዘፈዘፋል። ጠዋት ፍሬው አብጦ፣ ውሃው እንደ እንቁላል ነጭ ተዝለግልጎ ይገኛል። በባዶ ሆድ ግጥም ማድረግ ነው። የገብስ ውሃ የሚመርጡም አሉ።

በሐኪም ቋንቋ ሕመሙ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የተባለ የአንጀት ባክቴሪያ ነው። ሴቶች ላይ የሚበዛው የሽንት መውጫቸው አጭር ስለሆነ ነው። ሙቀቱም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም፤ ጣና ዳር ምድጃ ፊት ዓሣ ስትጠብስ የምትውል ሴት ውሃ ትረሳለች፣ መጸዳጃ ቤት ካጣች ደግሞ ሽንቷን ይዛ ትውላለች።

ተልባው ታዲያ ምን ይሠራል? ዝልግልጉ አንጀት ያለሰልሳል፤ ለሆድ ድርቀት ጥሩ ነው። ፊኛ ግን አይደርስም። ኩላሊት ሽንት የሚያጣራው ከደም ነው፤ ዝልግልጉ ደም ውስጥ ሳይገባ በአንጀት ያልፋል። ኢንፌክሽን እንደሚፈውስ ጠንካራ ማስረጃ የለም።

ብርጭቆው ውስጥ የተረሳው ውሃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ አንድ ሙከራ ቡልጋሪያ ውስጥ 140 ሴቶች ላይ ተካሂዷል። ሁሉም ውሃ እምብዛም የማይጠጡ፣ ሕመሙ የሚመላለስባቸው ነበሩ። ግማሾቹ በቀን 1.5 ሊትር ውሃ ጨመሩ። በዓመት ውስጥ በአማካይ 1.7 ጊዜ ታመሙ፤ ያልጨመሩት 3.2 ጊዜ። ልብ በሉ፣ ይሄ መከላከል ነው።

«እኔ ግን ጠጥቼ ድኛለሁ» የምትልም አትዋሽም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የጀርመን ጥናት፣ ቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን ይዟቸው በማስታገሻ ብቻ ከጀመሩት ሴቶች ከሦስቱ ሁለቱ ያህሉ ያለ አንቲባዮቲክ ድነዋል። ሰውነት ለሠራው ተልባ ይመሰገናል ማለት ነው። ጥቂቶቹ ላይ ግን ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ወጥቷል።

ተልባ እንደ እንዶድ ሥር አይመርዝም፤ መጠጣቱ ክፋት የለውም። ከፋርማሲ ክኒን ጋር አብሮ ከሆነ ግን አንድ ሁለት ሰዓት ይራራቅ፣ ዝልግልጉ መድኃኒቱን ሊያዘገየው ይችላል። እርግዝና ካለ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለ፣ ወይም ጎን ከወጋ ደግሞ ተልባው እስኪያብጥ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ነው።