«እንጀራዋን ጋግራ ቁጭ» ለምትሉ

ሙዚየም ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ጎብኚ ከድንጋይ ወፍጮው ፊት በቆመ ቁጥር የማትቀር አንዲት ንግግር አለች፦ «የድሮ ሴት ምን ነበረባት? እንጀራዋን ጋግራ፣ ቡናዋን አፍልታ ቁጭ!» ስለ ምኒልክ ዘመንና ስለ ተከታዮቹ ዓመታት የገጠር ባለትዳር ስንት የማይሆን ነገር ይወራል። ከቀላል ከቀላሉ ልጀምር።

ቡናዋን አፍልታ? በሰሜኑ ክርስቲያን ገጠር ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው እየተባለ ሲነወር ኖሯል። ነገሩ የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ምኒልክ ራሳቸው ሲጠጡና አቡነ ማቴዎስም ነቀፌታውን ሲያለዝቡት ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ በየቀኑ መቀመጥ ለብዙው የገጠር ቤት ኋላ የመጣ ነው።

እንጀራ ሁሉ የጤፍ ነበር የሚሉትስ? አያቴ የመንዝ ደጋ ሰው ነበረች። እንጀራውም ጠላውም በሶውም ገብስ ነበር።

«ሳሙና ስላልነበረ ልብሳቸው አይነጣም» የሚል ደግሞ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣውን የእንዶድ ፍሬ አያውቅም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት እኮ አድዋ ውስጥ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው።

«ብትፈታ ባዶ እጇን ትወጣለች» የሚለውም እንዲሁ በጅምላ አይነገርም። በሰማንያ የተጋባች ሴት ስትፋታ ንብረት ትካፈላለች፤ ርስትም ከእናትም ከአባትም ወገን ለሴት ልጅ ይደርስ ነበር። ችግሩ እርፍ መጨበጥ የወንድ ሥራ መሆኑ ነው። ባል ወይም የደረሰ ልጅ የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች።

«ሁሉን በገዛ እጇ ትሠራ ነበር» የሚሉት ደግሞ የባለጸጋዋን ቤት ረስተውታል። እዚያ ወፍጮው ላይ የምትጎነበሰው አብዛኛውን ጊዜ ገረድ ወይም ባሪያ ነበረች። ይህን ስናገር ጎብኚዎቼ ዝም ይላሉ። ዝም ቢሉም እናገራለሁ።

አሁን ወደ ወፍጮው። እንጀራ መጋገር የሥራው ጅራት ነው። ገብሱ አስቀድሞ ውሃ ነክቶት በሙቀጫ ይፈተጋል፣ ይሰጣል፣ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል። ከዚያ በኋላ ነው ወፍጮ ላይ የሚወጣው። ወፍጮው በጭቃ መደብ ላይ ወደ ፊት ዘመም ብሎ ተጋድሟል። ሴቲቱ ከኋላው ጎንበስ ብላ መጁን፣ ማለትም የላይኛውን ትንሹን ድንጋይ፣ በሁለት እጇ ትገፋለች፣ ትስባለች። መጀመሪያ ትሸረክተዋለች፣ መልሳ ታልመዋለች። «የላመ የጣመ» የምንለው ከዚሁ የመጣ ነው፤ ማላሙን ግን ማን ያስታውሰዋል? ይህ በዶሮ ጩኸት ተጀምሮ ሳይነጋ የሚያልቅ፣ ነገም የሚደገም ሥራ ነው። በጨለማ ወፍጮ ላይ የሚንጎራጎረው ስለ ባልና ስለ አማት የሆነው ወዶ አይደለም።

አምና አንድ ትከሻው የሰፋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ይሄ ምን አለው!» አለኝ። አንድ ጣሳ ገብስ ሰጠሁት። በክንዱ ብቻ ይገፋል፤ በወገብ ነው የሚፈጨው ብለው አልሰማኝም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቁጭ ብሎ አንጓውን ያሻል። የወረደውን አየሁለት። «ጎበዝ፣ ቂንጬ ሠርተሃል» አልኩት።

አያቴ ስለ አራስነቷ ስታወራ «ደስ ያለኝ ገንፎው መሰለህ? ወፍጮውን ሌላ ሰው መያዙ ነው» ትል ነበር። መዳፏ ሥር፣ መጁ የሚያርፍበት ቦታ፣ እንደ ጫማ ቆዳ ደርቆ ቀርቷል። በ1888 ዓ.ም. አድዋ የዘመተው ሠራዊት ሲሰፍርም እህሉን የሚፈጩት አብረው የዘመቱት ሴቶች ነበሩ። ስለ ጎራዴው ብዙ ተብሏል፤ መጁን ግን የሚጠይቀኝ የለም።

ደግሞ «የድንጋይ ወፍጮ ዱቄት ይጣፍጣል» የሚሉ አሉ። ይጣፍጥ ይሆናል። ግን ወፍጮ ሲላግ እንደገና እንዲሻክር ይወቀራል፣ ከተወቀረ በኋላ ያለው ዱቄት ደግሞ ከነኮረቱ ነው። ጥርሳችሁን አዘጋጁ። የሞተር ወፍጮ በየገጠሩ ሲገባ ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው ረጅም መንገድ የሄዱት ጣዕም ጠፍቷቸው አይደለም።

ከወፍጮው በኋላ ውሃ በእንስራ አለ፣ ኩበት መጠፍጠፍ አለ። «ቁጭ» የምትሏት ሴት ስትቀመጥም እንዝርት ይዛ ነው። መንዝ ብርድ ስለሆነ የሚፈተለው የበግ ጠጉር ነው፤ ሸማኔ ይሠራውና ባና፣ ማለትም ወፍራም የሱፍ ልብስ፣ ይሆናል። አያቴ እንግዳ ስታጫውት እንኳ እንዝርቷ አይቆምም ነበር።

እናንተ ግን አያት ካላችሁ አሁኑኑ ጠይቋት። ስንት ሰዓት ትነሺ ነበር? ወፍጮሽን የሚወቅርልሽ ማን ነበር? ወፍጮ ላይ ምን ታንጎራጉሪ ነበር? ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፇን ቅዱ። መጁም አጥር ሥር ተጥሎ ከሆነ አንሱት። ባለፈው ወር አንድ ሰውዬ ለሙዚየሙ መጅ አምጥቶ ነበር፤ በር እንዳይዘጋ ማስደገፊያ ያደርገው ኖሯል። ገልብጬ አየሁት፤ ሆዱ በመፍጨት ብዛት እንደ መስታወት ልሟል። «ማን ናት የፈጨችበት?» ብለው፣ ስሟን አያውቅም።