የውሻ የሰውነት ቋንቋ ምንድን ነው?

ውሻ ያሳደገ ሰው ሁሉ የሚላት አንዲት ነገር አለች፦ «መናገር ብቻ ነው የቀረው!» እውነት ነው፣ ቃል አያወጣም። ግን ከጠዋት እስከ ማታ መናገሩን አያቆምም። በጆሮው፣ በዓይኑ፣ በጅራቱ፣ በአቋቋሙ፣ በአተነፋፈሱ፣ በአተኛኘቱ ሳይቀር ደስታውንም ፍርሃቱንም ሕመሙንም ይነግረናል። የውሻ የሰውነት ቋንቋ የሚባለው ይሄ ነው።

ስሜትንና ሕመምን አብሬ የጠራሁት በምክንያት ነው። ውሻው ሲነጫነጭ፣ ሲደበቅ ወይም ሲያጉረመርም ብዙ ሰው «አመሉ ተበላሸ» ይላል። ምግብ ሲያቆም ወይም ሲያነክስ ደግሞ «ታመመ» ይላል። ለውሻው ግን ሁለቱ ተለያይተው አይኖሩም። ያመመው ውሻ ይፈራል፣ ይቆጣል፣ ሰው ይሸሻል። በጭንቀት የሚኖር ውሻ ደግሞ ሆዱ ይረበሻል፣ ምግብ ይዘጋዋል፣ መዳፉን እየላሰ እስከማቁሰል ይደርሳል። ምልክቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ምንጩ ሁለት ሊሆን ይችላል።

«ውሻ በእርግጥ ስሜት አለው?» ለሚል ሰው ሳይንሱም መልስ አለው። በፈረንጆች 2012 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም የፈረንጆች ናቸው) በአሜሪካ የኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውሾችን ሳያደነዝዙ፣ ነቅተው ሳሉ ኤምአርአይ በተባለው የአንጎል ምስል ማንሻ መሣሪያ ውስጥ ጸጥ ብለው እንዲተኙ አሠልጥነው አንጎላቸውን ማየት ቻሉ። በ2015 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ረዘም ላለ ጊዜ ሲተያዩ በሁለቱም ሰውነት ውስጥ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን እንደሚጨምር አሳዩ። እናትን ከልጇ ጋር የሚያስተሳስረው ሆርሞን ነው። ስለዚህ ፍቅሩ የኛ ምኞት ብቻ አይደለም።

ከጅራት እንጀምር። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ጅራቱን የሚቆላ ውሻ ሁሉ ደስተኛ አይደለም። መቁላቱ የሚነግረን ውሻው መነቃቃቱን ነው። በደስታ ይሁን በቁጣ ለማወቅ ሌላውን ሰውነቱን ማየት የግድ ነው። ጅራቱ ዘና ብሎ በሰፊው ሲወዛወዝ፣ ወገቡም አብሮ ሲሄድ፣ አፉም ገርበብ ሲል ደስ ብሎታል። ጅራቱን ወደ ላይ ቀስሮ ጫፉን ብቻ ቶሎ ቶሎ እያርገበገበ ሰውነቱ ድርቅ ካለ ግን አትጠጉት። በ2007 የጣሊያን ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር ደግሞ ይገርማል። ውሾች ባለቤታቸውን ሲያዩ ጅራታቸው ይበልጥ ወደ ቀኝ ያደላል። የማያውቁትን ኃይለኛ ውሻ ሲያዩ ደግሞ ወደ ግራ። ልዩነቱ በዓይን ለመያዝ ይከብዳል። ውሾቹ ግን እርስ በርስ ይለዩታል። በ2013 በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ወደ ግራ የሚያደላ ጅራት በቪዲዮ ያዩ ውሾች የልብ ምታቸው ጨምሯል።

አሁን በየቤቱ የሚታይ አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። ልጁ ውሻው አንገት ላይ ተጠምጥሟል። ቤተሰቡ «ውይ ሲያምሩ!» እያለ ፎቶ ያነሳል። ውሻው መጀመሪያ ፊቱን ወደ ሌላ ጎን ያዞራል። ቀጥሎ ምንም የሚበላ ነገር ሳይኖር አፍንጫውን በምላሱ ላስ ያደርጋል። ያዛጋል፣ እንቅልፍ ግን አልመጣበትም። ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ይተኛሉ። ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ በዓይኑ ጥግ ልጁን ሲያይ የዓይኑ ነጭ ክፍል ይገለጣል። ከዚያ አፉን ግጥም ያደርጋል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ጸጥ ይላል። ከሁሉም የምታስፈራው ይህቺ ጸጥታ ናት። ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣው ማጉረምረም፣ ጥርስ ማሳየት፣ መንከስ ነው። ሲነክስ ሁሉም ሰው «ምንም ሳይሆን በድንገት ነከሰው» ይላል። በድንገት አልነበረም። ደጋግሞ ተናግሯል፣ የሰማው ግን አልነበረም።

ኖርዌያዊቷ አሠልጣኝ ቱሪድ ሩጋስ እንዲህ ያሉትን ፊት ማዞር፣ ማዛጋትና አፍንጫ መላስ «የማረጋጊያ ምልክቶች» ብላ ጠርታቸዋለች። ውሻው «ጠብ አልፈልግም፣ ትንሽ ቦታ ስጡኝ» የሚልባቸው መንገዶች ናቸው። እንዲህ ሲያደርግ ልጁን ቀስ ብሎ ማንሳት በቂ ነው። ስላጉረመረመ መምታት ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ዱላው ፍርሃቱን አያጠፋውም። ማስጠንቀቂያውን ነው የሚያጠፋው። ማጉረምረም እንደሚያስመታው የተማረ ውሻ በሚቀጥለው ጊዜ ቀጥታ ወደ ንክሻ ይሄዳል።

ሌላው በጣም የምናምንበት ስህተት «ጥፋቱን ያውቃል» የምንለው ነገር ነው። ጫማ በልቶ ስንገባ ጆሮውን ጥሎ፣ ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ወሽቆ ሲቀበለን «አየኸው? ጥፋተኛ ነኝ እያለ ነው» እንላለን። በ2009 አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ ይህንኑ ፈትናዋለች። ያ የጥፋተኛ ፊት ውሻው ካጠፋው ጥፋት ጋር አልተያያዘም። ባለቤቱ ሲቆጣ ነበር ጎልቶ የሚታየው። እንዲያውም ምንም ሳያጠፉ የተቆጧቸው ውሾች ላይ በርትቶ ታይቷል። የምናየው ጸጸት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ይህን ካወቅን በኋላ ከሰዓታት በፊት ለተበላ ጫማ መቆጣት ትርጉም የለውም። እንዲያውም ብቻውን ሲቀር በጭንቀት ነው ጫማውን የበላው ከሆነ፣ ቁጣችን ጭንቀቱን ይጨምርበታል።

ወደ ሕመሙ ስንመጣ ጉዳዩ ይከብዳል። ውሻ ሲያመው ሁልጊዜ አይጮህም። ብዙ ጊዜ የሚታየው የልማድ ለውጥ ነው። ደረጃ ሲደርስ ያመነታል። ድሮ ይዘልበት የነበረው ሶፋ ስር ቆሞ ያያችኋል። ከተኛበት ሲነሳ ይንገታገታል። አንድ መገጣጠሚያ ላይ ደጋግሞ ይልሳል። ሳይሮጥ፣ ሳይሞቀው ያለከልካል። ሲደባበስ ይወድ የነበረው ቦታ ላይ ስትነኩት ያጉረመርማል። ወይም ደግሞ ምንም አያደርግም፣ ብቻ ዝም ይላል፤ ሰውም «አደገ፣ ሰከነ» ይላል። እኔን ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሕመሙ ጨዋነት ተብሎ ሲመሰገንለት።

በእንግሊዝ የሊንከን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዳንኤል ሚልስና ባልደረቦቹ በ2020 ባወጡት ጽሑፍ፣ በጠባይ ችግር ምክንያት ወደነሱ ከተላኩት እንስሳት ቢያንስ ሲሶ ያህሉ ሕመም እንዳለባቸው ገምተዋል። አንዳንዴ ቁጥሩ ወደ 80 በመቶ ሊጠጋ ይችላል ይላሉ። ከዚያ በፊት በ2018 በወጣ ጥናት ደግሞ ድምፅ የሚፈሩ ውሾች ተነጻጽረው ነበር። የጡንቻ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ውሾች ድምፅ መፍራት የጀመሩት ከሌሎቹ ወደ አራት ዓመት ገደማ ዘግይተው ነው። ምክንያቱን ለማሰብ አይከብድም። በድምፁ ሲደነግጥ ጡንቻው ይኮማተራል፣ የታመመው ቦታ ይወጋዋል፣ ከዚያ ድምፁን ከሕመሙ ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ ለዓመታት ነጎድጓድ ግድ ያልሰጠው ውሻ ዛሬ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ከአሠልጣኝ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው።

ለውጥን ለማየት ግን መጀመሪያ ደህና ሲሆን ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል። ጭልጥ ብሎ ሲተኛ ደረቱን እዩ። ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። በደቂቃ ከ30 በታች መሆን አለበት። በእንቅልፉ ከዚህ በላይ በተደጋጋሚ የሚተነፍስ ከሆነ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። ከዚያ ሲነቃና ሲረጋጋ የላይኛውን ከንፈሩን ቀስ ብላችሁ ገልባችሁ ድዱን ተመልከቱ። ጤነኛ ድድ ፈካ ያለ ሮዝ ነው፣ እርጥብም ነው። በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ነጭ ይሆንና ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ቀለሙ ይመለሳል። ድዳቸው በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ ውሾች ስላሉ የናንተውን ቀድማችሁ እወቁት። ሮዝ የነበረው ድድ ነጣ ወይም ሰማያዊ ሆነ ማለት የሚያስሮጥ ነገር ነው። ሙቀቱ ደግሞ ከኛ ከፍ ይላል። ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለውሻ ጤና ነው። አፍንጫው ስለሞቀ ወይም ስለደረቀ ብቻ ትኩሳት አለው ማለት አይቻልም።

ጊዜ የማይሰጡ ነገሮችም አሉ። ውሻው ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ ሆዱ ከተነፋ፣ መቀመጥም መተኛትም ካቃተው ጨጓራው ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። በተለይ ደረተ ጥልቅ ትልልቅ ውሾች ላይ ይታያል፣ በሰዓታት ውስጥም ይገድላል። ሌላው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ጠባዩ ባልተጠበቀ መንገድ ከተገለባበጠ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው «ጉሮሮው ላይ አጥንት ተሰንቅሮ ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉ ወዲያው ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀንም ሕክምና ይሂድ።

ያረጀ ውሻ ሌሊት ሲንጎራደድ፣ የሚያውቀው ቤት ውስጥ መንገድ ሲጠፋበት ዕድሜ ነው ብሎ መተው የተለመደ ነው። የአንጎል እርጅና ሊሆን ይችላል፣ ሕመምም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ማቅለያ መንገድ አለ።

የኛ ስሜትም እሱ ላይ ያርፋል። የስዊድን ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 የውሾችንና የባለቤቶቻቸውን ፀጉር መርምረው፣ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱ ላይ አብሮ ከፍና ዝቅ እንደሚል አግኝተዋል። ቤቱ ለወራት ሲታመስ ከርሞ ውሻው ከተለወጠ ምክንያቱን ራቅ ብላችሁ አትፈልጉ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ አንድ ነገር ያዙ፦ የስልክ ቪዲዮ። ቤት ውስጥ ሲያነክስ የነበረ ውሻ ክሊኒክ ሲገባ ከድንጋጤው የተነሳ ቀጥ ብሎ ይራመዳል፣ ሐኪሙም የሚያየው ነገር ያጣል። ሲነሳ፣ ደረጃ ሲወጣ፣ ሲበላ ቅረጹት። ለውጡ መቼ እንደጀመረ፣ ከምን በኋላ እንደሚብስ ጻፉት። እስከዚያው ግን አሳዝኗችሁ የሰው ማስታገሻ እንዳትሰጡት። ኢቡፕሮፌን ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ፓራሲታሞልም ጉበቱንና ደሙን ይመርዛል። ለውሻ የተሠሩ የሕመም መድኃኒቶች አሉ፤ መጠኑን በክብደቱ አስልቶ የሚያዘው ሐኪሙ ነው።