የወሊድ መከላከያ ፓች ምንድን ነው? ከዙሌንና ከትዊርላስ የቱ ይመረጣል?

በባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው ሚያዝያ አንዲት ሴት አሜሪካ ያለች እህቷ የላከችላትን ሁለት ካርቶን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ «እህቴ፣ ከእነዚህ የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ። አንደኛው ዙሌን፣ ሌላኛው ትዊርላ ይላል። ሁለቱም ቆዳ ላይ የሚለጠፉ የወሊድ መከላከያዎች፣ በተለምዶ ፓች የምንላቸው ናቸው።

ፓች ሲያዩት ስስ ፕላስተር ነው። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖች ከማጣበቂያው ወጥተው በቆዳ በኩል ቀስ እያሉ ወደ ደም ይገባሉ። ሥራቸው ከሚዋጠው እንክብል አይለይም፤ እንቁላል እንዳይለቀቅ ያደርጋሉ፣ የማህፀን በር ፈሳሽንም ያወፍራሉ። በሆድ ዕቃ ስለማያልፉ ትውከትም ሆነ ተቅማጥ አያበላሻቸውም። ከኤችአይቪና ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎች ግን አይከላከሉም።

አንዱ ፓች ለሰባት ቀን ይቆያል። ሦስት ሳምንት በተከታታይ እየቀየሩ ይለጥፋሉ፣ አራተኛውን ሳምንት ያለ ፓች ያሳልፋሉ፤ የወር አበባም በዚያ ሳምንት ይመጣል። ቀኑን በወሩ ቁጥር መያዝ ያሳስታል፤ የእኛ ወር 30 ቀን ሲሆን የፓቹ ዑደት 28 ነውና። ቅዳሜ ገበያ የምትወጣ ሴት ቅዳሜን የመቀየሪያ ቀኗ ብታደርግ ይቀላታል። በትክክል ከተጠቀሙበት በዓመት ከ100 ሴቶች አንዷ እንኳ አታረግዝም ማለት ይቻላል፤ መርሳትና መዘግየት ባለበት በተለመደው አጠቃቀም ግን ሰባት ያህሉ ያረግዛሉ። ልዩነቱን የሚፈጥረው ያ የመቀየሪያ ቀን ነው።

ወደ ሁለቱ ካርቶኖች ልመለስ። ዙሌን እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የኤቭራ ፓች ተመሳሳይ ነው፤ ኖሬልጌስትሮሚን የተባለ ፕሮጄስቲንና በቀን 35 ማይክሮግራም ኢስትሮጅን ይሰጣል። ይህ 35 የሚለው ቁጥር ብዙዎችን ያሳስታል። በፓቹ አማካይነት ደም ውስጥ የሚገኘው አጠቃላይ ኢስትሮጅን 35 ማይክሮግራም ካለው እንክብል በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የተፈቀደው ትዊርላ ደግሞ በቀን 30 ማይክሮግራም ኢስትሮጅን ሌቮኖርጌስትሬል ከተባለ ፕሮጄስቲን ጋር ይሰጣል። ሌቮኖርጌስትሬል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በክንድ ውስጥ በሚቀበረው ጃዴልም ሆነ በፖስትፒል ውስጥ ያለው እሱ ነው። ዙሌን ክንድ ላይም ይለጠፋል፤ ትዊርላ ግን ሆድ፣ መቀመጫ ወይም የላይኛው የሰውነት ክፍል ላይ ብቻ ነው። ጡት ላይ ሁለቱም አይለጠፉም።

ክብደትም ይወስናል። ክብደትን በኪሎ ወስደን ቁመት በሜትር በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ስናካፍል ውጤቱ 30 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለቱም አይመከሩም። 1 ሜትር ከ60 የምትረዝም ሴት 77 ኪሎ ስትሆን እዚህ ወሰን ላይ ትደርሳለች። የትዊርላ አስተማማኝነት ከ25 ጀምሮ ይቀንሳል።

ቫዝሊን፣ ሎሽንና ቅቤ የማጣበቂያው ጠላቶች ናቸው። ፀጉሯን ቅቤ የምትቀባ ሴት ቅቤው ወደ ትከሻዋ ስለሚወርድ ሆዷን ወይም መቀመጫዋን ትምረጥ። ፓቹ ከተላቀቀ 24 ሰዓት ካልሞላው፣ የሚጣበቅ ከሆነ ያንኑ፣ ካልሆነ አዲስ ትለጥፋለች፤ በሌላ ፕላስተር መደገፍ አይገባም። 24 ሰዓት ካለፈው በአዲስ ፓች አዲስ ዑደት ትጀምራለች፣ ለሰባት ቀንም ኮንዶም ትጨምራለች።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ለእኔ ከካርቶኑ ስም ይበልጥብኛል። ኢስትሮጅን ራሱ ይስማማታል ወይ? ደም ግፊት ያለባት፣ ደም ረግቶባት ወይም ስትሮክ ደርሶባት የሚያውቅ፣ የጡት ካንሰር የታመመች፣ ዓይኗ ላይ ብልጭታ እያሳየ የሚጀምር ማይግሬን ያለባት፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና የምታጨስ፣ ከወለደች ስድስት ወር ሳይሞላት የምታጠባ ሴት ሁለቱንም ትተው። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ ከሆነችና ሪፋምፒሲን የምትወስድ ከሆነ መድኃኒቱ የፓቹን ኃይል ያዳክመዋል። ፓች የምትጠቀም ሴት አንድ እግሯ ቢያብጥና ቢያማት፣ ደረቷን ቢወጋት፣ ትንፋሽ ቢያጥራት ወይም ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት ቢይዛት ነገ ሳትል ሆስፒታል ትሂድ።

ሌላው ደግሞ አቅርቦት ነው። በጤና ጣቢያዎቻችን በብዛት የሚሰጡት መርፌ፣ በክንድ የሚቀበረው፣ ሉፕና እንክብል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገራዊ ጥናት በትዳር ካሉ ሴቶች 27 በመቶው መርፌ ይጠቀሙ ነበር። አንድ የፓች ካርቶን የሚይዘው ሦስት፣ ማለትም ለአንድ ዑደት የሚበቃ ብቻ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ በዘገየ ቁጥር መከላከያውም ይቋረጣል።

ለሴትዮዋ የደም ግፊቷን ለካሁላት፤ 150 በ95 ሆነ። ጥቂት አሳርፌ ደግሜ ብለካም እምብዛም አልወረደም። አንድ ቀን የተለካ ግፊት በሽታ ነው አይባልምና ጤና ጣቢያ ሄዳ በሌላ ቀን እንድትለካ፣ እስከዚያ ኮንዶም እንድትጠቀም፣ ኢስትሮጅን የሌለበትን በክንድ የሚቀበር መከላከያ እንድትጠይቅም ነገርኋት። «ታዲያ እነዚህን ምን ላድርጋቸው?» አለች። «ለሌላ ሰው እንዳትሰጫቸው» አልኋት። ሁለቱንም ሳትከፍት በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች።