ስለ ወንጀል ይርጋ፦ ወሎ ውስጥ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወሎ ውስጥ አቦል ሲቀዳ የተነሣ የክስ ወሬ በረካ ላይ ፍርድ አግኝቶ ይቋጫል። የደሴም ሆነ የወልድያ ቡና ጠጪ ስለ ወንጀል ይርጋ፣ ማለትም ክስ ሊቀርብ ስለሚችልበት የጊዜ ገደብ፣ የሚሰጠው ፍርድ ግን አዘውትሮ ይግባኝ ያስፈልገዋል።

«ማንኛውም ወንጀል በአሥር ዓመት ይቀራል።»

አይቀርም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 217 ዘመኑን እንደ ወንጀሉ ክብደት ከ3 እስከ 25 ዓመት ከፋፍሎታል። ሞት ወይም የዕድሜ ልክ እስራት የሚያስከትል ከባድ የሰው ግድያ 25 ዓመት፣ ተራ የሰው ግድያ 20 ዓመት፣ ተራ ስርቆት 10 ዓመት አለው። መለኪያው ዳኛው ይወስናል ተብሎ የሚገመተው ቅጣት ሳይሆን ሕጉ ለድርጊቱ ያስቀመጠው ከፍተኛ ቅጣት ነው።

«የሚቆጠረው ነገሩ ከተሰማበት ቀን ነው።»

የሚቆጠረው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ነው። ድርጊቱ ሳይቋረጥ የቀጠለ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሰው በሕገ ወጥ መንገድ ታግቶ ከቆየ፣ ካበቃበት ቀን ይጀምራል።

«ዓረብ አገር ተሻግሮ ዘመኑን የቆጠረ ነጻ ሆኖ ይመለሳል።»

ይህ ግማሽ እውነት ስላለበት አደገኛ ነው። መሸሽ ብቻውን ቆጠራውን አያስቆመውም። ፖሊስ፣ ዓቃቤ ሕግ ወይም ፍርድ ቤት ተጠርጣሪውን ለመያዝ፣ ለመጥራት ወይም ለመበርበር እርምጃ ሲወስዱ ግን ይርጋው ይቋረጥና እንደ አዲስ ይጀምራል። ሕጉ ለዚህ መደጋገም ጣሪያ ቢያበጅለትም፣ ለተበዳዩ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ አቤቱታውን ዝም ብሎ ከያዘው ጊዜው ለሸሸው ይሠራለታል። ሰውየው በሌለበት ከተፈረደበት ደግሞ የክሱ ይርጋ አብቅቶ ሌላ ቆጠራ፣ የቅጣት ይርጋ፣ ማለትም የተፈረደው ቅጣት ሊፈጸም የሚችልበት የጊዜ ገደብ፣ ይጀምራል። ሁለቱን የሚያምታቱ የሕግ ባለሙያዎችም አይጠፉም።

«አበጋር ደም ካደረቀ መዝገቡ ይዘጋል።»

የወሎ አበጋሮች፣ ማለትም ባህላዊ አስታራቂዎች፣ ቂም በቀልን በማስቆም ያላቸውን ውለታ የሚክድ የለም። ነገር ግን የሰው ግድያ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል አይደለም፤ ከሳሹ መንግሥት ነው። እርቁ ቅጣትን ሊያቀልል ይችላል እንጂ ክሱንም ይርጋውንም አያጠፋም።

«የደርግ ዘመን ነገር አርጅቷል።»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ ይናገራል፤ በምሳሌነትም የዘር ማጥፋትን፣ ያለ ፍርድ መግደልን፣ ሰውን አስገድዶ መሰወርንና ማሰቃየትን ይጠቅሳል። በምሕረትም በይቅርታም አይታለፉም፤ ርዕሰ ብሔሩ የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሊለውጥ ይችላል፣ ያ ብቻ ነው። በ1984 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናትን የሚከስ ልዩ ዓቃቤ ሕግን ያቋቋመው አዋጅም የይርጋ ድንጋጌዎች ለእነዚያ ክሶች እንዳይሠሩ አድርጓል።

ጉዳዩ ወሎን በቀጥታ ይነካል። የወሎን ረሃብ የደበቁ ባለሥልጣናትን ጭምር እንዲመረምር በ1966 ዓ.ም. መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ሥራውን ሳይጨርስ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን፣ በረሃቡ ይጠየቁ የነበሩትን ጨምሮ፣ ያለ ፍርድ ረሸነ። በረሃቡ ያለቁት የእኛ ሙታን ፍትሕ በችሎት መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ግድያው ራሱ ደግሞ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በሌሎች የደርግ አባላት ላይ ከቀረቡት ክሶች አንዱ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ፍርድ ተሰጠ።

«ሄግ ያለው ፍርድ ቤት ሁሉንም ያያል።»

በ2010 ዓ.ም. የቀድሞው የደርግ ባለሥልጣን እሸቱ ዓለሙ በ1970 ዓ.ም. በጎጃም በተፈጸሙ የጦር ወንጀሎች ሄግ ከተማ ውስጥ የዕድሜ ልክ እስራት ሲፈረድበት ብዙዎች ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ፈረደ አሉ። የፈረደው የኔዘርላንድ የራሷ ፍርድ ቤት ነው። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰኔ 24 ቀን 1994 ዓ.ም. በፊት የተፈጸመን ወንጀል ማየት አይችልም። በሥልጣኑ ሥር ያሉ ወንጀሎች ይርጋ የላቸውም መባሉ ወደ ኋላ አይወስደውም። ኢትዮጵያም ፍርድ ቤቱን ያቋቋመው የሮም ስምምነት አባል አይደለችም፤ ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ስለተፈጸመው ነገር ሄግን የሚጠብቅ ሰው፣ አገሪቱ ራሷ ሥልጣኑን ካልተቀበለች ወይም የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ጉዳዩን ካልመራለት፣ ብዙ ይጠብቃል። አባል በሆኑ አገሮችም ቢሆን ተራው መጀመሪያ የአገር ፍርድ ቤት ነው።

«ከላይ ያለ ፍርድ ቤት ካዘዘ ይርጋው ይነሣል።»

ይህን የፈተነችው ጣሊያን ናት። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 የጣሊያን የይርጋ ሕግ ኅብረቱን የሚጎዳ ከባድ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማጭበርበር እንዳይቀጣ ካደረገ ዳኞች እንዲተዉት አዘዘ። የጣሊያን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እሺ አላለም፤ ይርጋ የወንጀሉ ሕግ አካል በመሆኑ በተከሳሽ ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊከብድ አይችልም ብሎ ጉዳዩን መለሰው። እ.ኤ.አ. በ2017 የኅብረቱ ፍርድ ቤት ራሱ ለዘበ። እኔ ትክክል ነበሩ የምለው ጣሊያኖቹን ነው፤ የዳኛ ትእዛዝ ትናንት ያለቀን ጊዜ ዛሬ ማስቀጠል ከቻለ ይርጋ የሚባል ነገር የለም።

«ባንጁል ከሄድኩ ጥፋተኛው ይታሰራል።»

ጋምቢያ ውስጥ ባንጁል ከተማ ያለው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን የሚጠይቀው መንግሥትን ነው፤ ግለሰብ አያስርም። አቤቱታ የሚቀበለውም የአገር ውስጥ መፍትሔ ከተሟጠጠ በኋላ፣ በተገቢ ጊዜ ውስጥ ሲቀርብ ነው።

«የጉዳት ካሳ በሁለት ዓመት ያልፋል።»

መደበኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን በእርግጥ ሁለት ዓመት ነው። ጉዳቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ ከረዘመ ግን በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሳው ጥያቄም ረጅሙን ዘመን ይከተላል። ስለዚህ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ሦስተኛው ዓመት ገባ ብሎ ከፍርድ ቤት ደጃፍ መመለስ የለበትም።