የፔፕታይድ ነርቭ ሕዋስ ምንድን ነው? መቼስ ይወለዳል?

«የሕፃን ኦክሲቶሲን ሕዋስ የሚፈጠረው እንደተወለደ እናቱ ስታቅፈው ነው፤ ያ ሰዓት ካመለጠ አለቀ» የሚል ንግግር ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። አሁንስ በዛ። እዚህ ደብረ ብርሃን በኦፕራሲዮን የወለዱ፣ ልጃቸው ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል የተሰጠባቸው እናቶች ሰምተውት እንቅልፍ አጥተዋል። ውሸት ነገር እናትን እንዲህ ሲያስጨንቅ ዝም አይባልም።

ኒውሮፔፕታይድ ማለት የነርቭ ሕዋስ ሠርቶ የሚለቀው አጭር የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ሰንሰለት ነው፤ የሚሠራው ሕዋስ የፔፕታይድ ነርቭ ሕዋስ ይባላል። ምጥንና የጡት ወተት መውረድን የሚያግዘው ኦክሲቶሲን 9 አሚኖ አሲድ አለው፤ ውኃ በሽንት እንዳይባክን የሚያደርገው ቫሶፕሬሲንም እንዲሁ። ሁለቱን የሚሠሩት ትልልቅ ሕዋሳት ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ሥረኛ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ አክሰናቸው (ረጅሙ የሕዋሱ ክር) ከአንጎል ሥር እስካለው የፒቱታሪ ዕጢ የኋላ ክፍል ይደርሳል።

ተናጋሪው ያምታታው ሁለት ቀኖችን ነው። ሕዋሱ የተወለደበት ቀን አንድ ነገር ነው፤ ፔፕታይዱ የታየበት ቀን ሌላ።

የመንዝን ገብስ አስቡ። ማሳው አሽቶ ያየ ሰው «ዛሬ ተዘራ» አይልም። የነርቭ ሕዋስም የዘር ቀን አለው። ያ ቀን ከመጨረሻው ክፍፍል ወጥቶ ዳግም የማይከፈልበት ቀን ነው። በላቦራቶሪው ትልቁ አይጥ (በእንግሊዝኛ ራት) እርግዝና 3 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። የኦክሲቶሲንና የቫሶፕሬሲን ትልልቅ ሕዋሳት በአብዛኛው የሚወለዱት ከ13ኛው እስከ 15ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ማለትም ግልገሉ ሊወለድ ገና ሳምንት ሲቀረው ዘሩ መሬት ይዟል።

ማሸቱ ግን ይዘገያል። ጂኑ ሥራ ሲጀምር እንኳን መጀመሪያ የሚወጣው ረጅም ፕሮቲን ነው። ይህ ነዶ ነው። ተወቅቶ ገለባው ሲለይ ነው 9ኙ አሚኖ አሲድ የሚገኘው። በአይጥ ፅንስ ውስጥ አብዛኛው ኦክሲቶሲን በቅጡ ሳይቆረጥ ይቆያል፤ የበሰለው የሚበዛው ልደት አካባቢ ነው። ቫሶፕሬሲን ቀደም ይላል። ከውቂያው በኋላ ደግሞ ጎተራ አለ። ሕዋሱ ፔፕታይዱን በጥቃቅን ከረጢቶች አከማችቶ ይጠብቃል፤ የሚለቀው ሲቀሰቀስ ነው። ተናጋሪያችን ከጎተራው እህል ሲወጣ አየና አሁን ተዘራ አለን።

ዘሩን የሚወስኑት የፅንሱ የራሱ ጂኖች ናቸው። ሲም-1 የተባለው ጂን ከሁለቱም ወላጅ የጠፋበት አይጥ እነዚህን ሕዋሳት አያበጅም፤ እንደተወለደም ይሞታል። ያንን ግልገል ማቀፍ የጎደለውን ሕዋስ አያመጣለትም።

ይህን ስል ማቀፍ ጥቅም የለውም እንዳይባልብኝ። ልጅን በደረት ገላ ለገላ ማቀፍ ሙቀቱን ይጠብቃል፣ ጡት ለመያዝም ይረዳል። በእኛ ብርድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከልደት በኋላ ያለ የእናት እንክብካቤ የኦክሲቶሲን ተቀባዮችን (ኦክሲቶሲኑ መልእክቱን የሚያደርስባቸውን የሕዋስ ፕሮቲኖች) መጠን እንደሚለውጥም በአይጥ ታይቷል። ግን ተቀባይ መጨመርና ሕዋስ መፍጠር ለየቅል ናቸው። የእንክብካቤውም ጊዜ በአንድ ሰዓት አይዘጋም።

ገብሱ ግን እስከ መጨረሻው አያዛልቀንም። ገብስ ከተዘራበት አይንቀሳቀስም። ጉርምስናን የሚያስነሳው ጂኤንአርኤች የተባለው ፔፕታይድ የሚሠራባቸው ሕዋሳት ግን ጭራሽ አንጎል ውስጥ አይወለዱም። ወደፊት አፍንጫ በሚሆነው ቦታ ተወልደው የነርቭ መስመር ተከትለው ወደ አንጎል ይገባሉ። ይህ ጉዞ በ1989 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአይጥ ተገለጠ። ትንሹ አይጥ (በእንግሊዝኛ ማውስ) ውስጥ ከነዚህ ሕዋሳት ያሉት 800 ገደማ ብቻ ናቸው፤ የመራባት ነገር በሙሉ በነሱ ላይ ነው። በሰው ፅንስ ጉዞው ሲሰናከል ካልማን ሲንድሮም ይመጣል። ሰውየው ሽታ አይለይም፣ ጉርምስናውም በራሱ አይመጣም። እናቱ ስላላቀፈችው አይደለም። ገና በሆዷ ሳለ የሆነ ነገር ነው።

ዘሩም አንዳንዴ ይለወጣል። በትንሹ አይጥ ፅንስ ውስጥ የምግብ ፍላጎትን የሚገታውን የፖምሲ ጂን የሚያሳዩ ወጣት ሕዋሳት አሉ። በ2010 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) እንደታየው ከነሱ ብዙዎቹ ፖምሲን ትተው ሌላ ዓይነት ይሆናሉ። እንዲያውም ጥቂቶቹ ፍላጎትን የሚቀሰቅሰውን ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የሚሠሩ ይሆናሉ፤ ፍጹም ተቃራኒው! ስለዚህ ፅንስ ላይ ያለን ሕዋስ በዛሬ ፔፕታይዱ ብቻ አትሰይሙት።

የቀን ቁጥር ስታዩም የማን እንስሳ እንደሆነ ጠይቁ። የትልቁ አይጥ 13ኛ ቀን የትንሹ አይጥ 13ኛ ቀን አይደለም። ሰው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። በሰው ፅንስ ቫሶፕሬሲንና ኦክሲቶሲን ከእርግዝናው አጋማሽ በፊት ፒቱታሪ ውስጥ ይገኛሉ። ሕዋሱ የተገኘው በፀረ-ሰውነት (አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን) ቀለም ከሆነም ቀለሙ የያዘው ያልተወቃውን ነዶ ነው ወይስ የበሰለውን ፍሬ? ይህ ሳይጣራ «ኦክሲቶሲን በዚህ ቀን ጀመረ» ብሎ መጻፍ አይገባም።