ጂንን በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ልብ ጡንቻ ሕዋስ ማስገባት

የፋሲል ግቢን አጥር የዞረ ጎንደሬ ያውቀዋል፤ 12 በር አለው፣ እምቢልታ በር፣ ተዝካሮ በር እየተባለ እያንዳንዱ ስም አለው። የሕዋስ ሽፋንም እንደዚያው ነው። ለስኳሩም፣ ለጨውም፣ ለካልሲየምም የየራሳቸው በር አላቸው። ጂን፣ ማለትም ሕዋሱ ፕሮቲን የሚሠራበትን መመሪያ፣ የተሸከመ ዲኤንኤ ግን ግዙፍ ስለሆነ በየትኛውም አያልፍም። ኤሌክትሮፖሬሽን የሚባለው ዘዴ ታዲያ በሮቹን ትቶ አጥሩን ራሱን ለአፍታ ይበሳዋል።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ሕዋሶቹና ዲኤንኤው በፈሳሽ ተቀላቅለው በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መሃል ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ዓይን ሳይጨፈን የሚያልቅ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይለቀቅባቸዋል። የሽፋኑ ውፍረት 5 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ 1 ቮልት እንኳ ሲያርፍበት ይሳሳል፣ ይቀደዳል። ዲኤንኤ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ ሲሳብ ሽፋኑ ላይ ይለጠፍና ቀስ ብሎ ይገባል። ንዝረቱ ልክ ከሆነ ቀዳዳው መልሶ ይገጥማል። ከበዛ ሕዋሱ ይሞታል። በዚህ መንገድ ጂን ወደ አይጥ ሕዋስ መግባቱን ኤበርሃርድ ኖይማንና ባልደረቦቹ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው።

የልብ ጡንቻ ሕዋስ ጋ ሲደረስ ነገሩ ይከብዳል፣ እኔን የሚስበኝም እዚህ ላይ ነው። ይህ ሕዋስ ራሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ቀዳዳ ሲከፈትበት ከውጭ ካልሲየም ይጎርፍበታል፣ ካልሲየም ደግሞ ለእሱ «ተኮማተር» የሚል ትእዛዝ ስለሆነ በኃይል ተኮማትሮ ክብ ይሆንና ይሞታል። በዚያ ላይ ያደገ የልብ ሕዋስ እምብዛም አይከፋፈልም፤ በ25 ዓመት ሰው ልብ ውስጥ በዓመት የሚታደሰው 1 በመቶ ገደማ ነው። ጂኑ እንዲሠራ ደግሞ ወደ ኒውክሊየሱ፣ የሕዋሱ ዲኤንኤ ወደሚቀመጥበት ክፍል፣ መድረስ አለበት። ሕዋስ ሲከፋፈል የኒውክሊየሱ ግድግዳ ስለሚፈርስ ዲኤንኤው ያን ጊዜ ሾልኮ ይገባ ነበር፣ እዚህ ያ ዕድል የለም። ስለዚህ ተመራማሪዎች በብዛት የሚሠሩት አዲስ በተወለዱ አይጦች ሕዋስ ነው፣ ወይም ከሰው ቆዳ ተወስዶ ወደ ግንድ ሕዋስ (ሌላ ዓይነት ሕዋስ መሆን ወደሚችል ሕዋስ) ከተመለሰ በኋላ የልብ ሕዋስ እንዲሆን በተደረገ ሕዋስ።

በሚመታ ልብ ላይ ሲሆን ደግሞ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ንዝረቱ የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ኢሲጂ ላይ ልብ ሊኮማተር ሲል ከሚታየው ሹል፣ ከአር ሞገድ ጋር እኩል መውጣት አለበት፤ ልብ ለቀጣዩ ምት ሲዘጋጅ በሚታየው ቲ ሞገድ ላይ ካረፈ ልብ መምታቱን ትቶ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ለዚህም ነው ሥራው በአብዛኛው በእንስሳት ላይ የቀረው፣ ለሰው ልብ ጂን ማድረስ ሲፈለግም በቫይረስ መጫን የሚመረጠው። ግን ኤኤቪ የሚባለው ዋነኛው ቫይረስ ከ4,700 ገደማ በላይ የዲኤንኤ ፊደል አይሸከምም። ሲጎድል ጡንቻንም ልብንም የሚያዳክመው የዲስትሮፊን ፕሮቲን መሥሪያ መልእክት ብቻውን 11,000 ገደማ ፊደል ነው! ኤሌክትሪክ እንዲህ ያለ ጠባብ ገደብ የለበትም፣ እኔ ተስፋ የማደርገውም በዚህ ነው።

እዚህ ጎንደር ስለዚህ ሳወራ «ታዲያ ልጄን ያድንልኛል?» የሚሉኝ አሉ። ሐቁን መናገር አለብኝ። በእኛ አገር ልጆችና ወጣቶችን በብዛት የሚያጠቃው የልብ ሕመም ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብን ቫልቭ የሚጎዳው ነው፣ መነሻውም የጂን ስህተት ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። እሱ እንዳያገረሽና እንዳይባባስ የሚያስፈልገው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ ነው።